ከመስታወቱ ጀርባ ማን አለ?

መስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሳር ይዘው ተንበረከኩና በቡራዩው ግድያ ተቆጥቶ ለበቀል የወጣውን ወጣት መለሱት። ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ይሄን ከማንዋል አላነበቡትም። ዱቡሻ ላይ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ ጠቡን በሚፈታበት ሜዳ፣ ታላላቆቻቸው ሲሸመግሉ እያዩ የለመዱት ነው።

የቤተሰብ አማካሪም የሚሠለጥነው እያየና እየታየ ነው። እነ ሳልቫዶር ሚኑቺን ፊላደልፊያ ውስጥ ጀማሪውን ከእውነተኛ ቤተሰብ ጋር ያስቀምጡና ከመስታወት ጀርባ ሆነው ይከታተሉት ነበር፤ መንገድ ሲስት እዚያው ስልክ ይደወልለታል። ልጁን ረስተኸዋል፣ እሱንም አናግረው እንደማለት። እኛ ጋስ? አርባ ምንጭ ላይ ሳይኮሎጂ የምትማሩ፣ ከመመረቃችሁ በፊት አስተማሪያችሁ እያያችሁ ስንት ባልና ሚስት ፊት ትቀመጣላችሁ? ሥልጠና የሚሰጡ ሁሉ ለዚህ ሰዓት ይመድቡ። ቤተሰቡ እስከፈቀደ ድረስ መስታወቱ እንኳ ባይኖር ጥግ ላይ አንድ ወንበር ይበቃል።

ሽምግልናን እንዳለ ገልብጡ ማለታችን ግን አይደለም። ሽማግሌ የሚፈልገው እርቅ ነው፤ አንዳንዴ ሚስትየዋን «ቻይው» ብሎ ይሸኛታል። አማካሪ እንዲህ ካለ ተሳስቷል። የምትደበደብን ሴት ባሏ አጠገብ አስቀምጦ «ተናገሪ» ማለትም ማታ ቤት ስትገባ ዋጋ ያስከፍላታል። ጀማሪው ይሄን አንብቦት ሊሆን ይችላል። ሴትየዋ ባሏን አየት አድርጋ ዝም ስትል ግን ዝምታው እንዳያመልጠው አጠገቡ የሚጠቁመው ሰው ያስፈልገዋል።