አስኳሉን ጣሉ ባዮች ሆይ

ሰሞኑን ፌስቡኩም ቲክቶኩም «አስኳሉን ጥላችሁ ነጩን ብቻ ብሉ» ይለናል። ይሄ ምክር ማሻ ምን ይሠራል? እዚህ እናት እንቁላሏን ገበያ አውጥታ ጨውና ዘይት ትገዛበታለች፤ ልጇ አይቀምሰውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። እና አስኳል እንጣል?

ቫይታሚን ኤ እና ዲ ያለው እኮ አስኳሉ ውስጥ ነው፤ ነጩ ውስጥ ብትፈልጉት የለም። ከትልቅ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን እንኳ ከ2 ግራም በላዩ የአስኳሉ ነው። ኮሌስትሮል አለው፣ አዎ። ግን አሜሪካኖቹ ራሳቸው በቀን ከ300 ሚሊግራም አትለፉ የሚለውን ገደብ ከ2015ቱ መመሪያቸው አውጥተውታል። ሐኪም የከለከለው ሐኪሙን ይስማ። (ዶሮ ወጥ ላይ አስኳል ፈልፍሎ የሚጥል ግን እስካሁን አላየሁም!)

እናቶች፣ ከምትሸጡት ላይ ሁለቷን ለልጅ አስቀሩ፤ ከነአስኳሏ።