የብስክሌት ትርኢት በአውራ ጎዳና፦ ቅጣቱ አደጋን የሚቀንሰው መቼ ነው?

ብስክሌት በባሕር ዳር ከተማ መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን የኑሮ መሣሪያም ነው። የከተማዋ ሜዳማ አቀማመጥና ሰፋፊ ጎዳናዎች ተማሪውን ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛውን ወደ ሥራ ገበታው በሁለት ጎማ ለማድረስ የተመቹ ናቸው። በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም የእግረኛና የብስክሌት መተላለፊያ ተካቶበታል።

ብስክሌት በበዛበት ከተማ ሁሉ ግን አብሮ የሚመጣ አንድ ልማድ አለ። የፊት ጎማን አንስቶ በኋላ ጎማ ብቻ መጓዝ፣ መሪ ለቅቆ እጅን ዘርግቶ መንዳት፣ የጭነት መኪና ወይም ባጃጅ ጨብጦ መጎተት የወጣቶች መፎካከሪያ ይሆናል። በልዩ ልዩ ሀገራት ፖሊስ እንዲህ ያለውን ትርኢት በአውራ መንገድ የሚያሳዩ ብስክሌተኞችን ይቀጣል። ጨዋታ የሚመስል ድርጊት ለምን የፖሊስ ጉዳይ ሆነ? ቅጣቱስ እንዴት ሲሆን ነው አደጋን የሚቀንሰው?

የመጀመሪያው መልስ ከብስክሌቱ አሠራር ይገኛል። ብስክሌት አቅጣጫውን የሚቀይረው በፊት ጎማው ነው፤ በፍጥነት ሲቆምም ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው የፊቱ ፍሬን ነው። የፊት ጎማው ከመሬት ሲነሣ ሁለቱም አገልግሎት መስጠት ያቆማሉ። መሪውን የለቀቀ ሰውም እጁን ወደ ፍሬኑ እስኪመልስ ድረስ ጊዜ ያባክናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌት በአንዲት ሰከንድ ብቻ ከ5 ሜትር በላይ ይሄዳል። ይህች ርቀት መንገድ ለምትሻገር ሕፃን የሞትና የሕይወት ልዩነት ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛው መልስ አደጋው በራሱ በጋላቢው ላይ ብቻ የማይቀር መሆኑ ነው። በገበያ ቀን ከየገጠር ቀበሌው እህል ጭኖ የሚገባ አርሶ አደር አህዮቹን የሚነዳው በዚያው ጎዳና ላይ ነው። በአንድ ጎማ ድንገት የመጣ ብስክሌት እንስሳቱን ቢያስደነብር ጭነቱ ይወድቃል፤ እንስሳቱም ወደ መኪና መስመር ሊገቡ ይችላሉ። ብስክሌተኛውን ለማዳን መሪውን የጠመዘዘ አሽከርካሪም በእግረኛ ላይ ሊወጣ ይችላል። ትርኢቱን ለማየት ያልፈለገ ሰው የአደጋው ተካፋይ ይሆናል ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን እንደሚያጡ ገልጿል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆናቸውን ልጆችና ወጣቶች በመግደል ረገድም ይኸው አደጋ ቀዳሚው ነው። የብስክሌት ትርኢት የሚወዱትም በአብዛኛው በዚሁ ዕድሜ ክልል ውስጥ ያሉ ናቸው።

በዚህ ምክንያት ብዙ ሀገራት ጉዳዩን በሕግ ይዘውታል። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ብስክሌተኛ ቢያንስ በአንድ እጁ መሪ ሳይዝ እንዳይነዳ፣ በሌላ ተሽከርካሪም እንዳይጎተት ይከለክላል። በጀርመን መሪ ለቅቆ መንዳት 5 ዩሮ ያስቀጣል። በእንግሊዝ አደገኛ የብስክሌት አነዳድ እስከ 2 ሺህ 500 ፓውንድ ሊያስቀጣ ይችላል። ከእነዚህ ሕጎች የሚወሰደው ትምህርት የገንዘቡ መጠን አይደለም፤ ቅጣቱ ከጥፋቱ ክብደት ጋር መመጣጠኑ ነው።

በኢትዮጵያም ጉዳት ሲደርስ ተጠያቂነቱ ቀላል አይደለም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543፣ አካል ማጉደልን ደግሞ በአንቀጽ 559 ያስቀጣል። ይኸው ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ለአዋቂዎች በተደነገገው መደበኛ ቅጣት እንዳይቀጡ ይጠብቃቸዋል። ካሳው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2124 አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሚያስከትለው ጉዳት አባትን ኃላፊ ያደርጋል። ልጅ ለጥቂት ደቂቃ ጭብጨባ ያሳየው ትርኢት የቤተሰቡን ጥሪት ሊያናጋ ይችላል።

ቅጣት መኖሩ ብቻውን ግን መፍትሔ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ፐርዝ አምቦይ በተባለች ከተማ፣ ፖሊስ በቡድን ሆነው በመንገድ ላይ ሲጋልቡ የነበሩ ታዳጊዎችን አስቁሞ ብስክሌቶቻቸውን ወሰደ፤ አንዱንም በካቴና አሰረ። በምክንያትነት ከተነሡት ነጥቦች አንዱ ብስክሌቶቹ በከተማዋ ደንብ መሠረት አለመመዝገባቸው ነበር። የድርጊቱ ምስል በስፋት ሲሰራጭ የሕዝቡ መነጋገሪያ የመንገድ ደኅንነት መሆኑ ቀርቶ የፖሊስ አድራጎት ሆነ። ሕግ አስከባሪው ዋናውን ጥፋት ትቶ ሌላ ሰበብ የያዘ ሲመስል የሚጠፋው አመኔታ ነው፤ ያለ አመኔታ ደግሞ የትራፊክ ሕግ አይከበርም።

ይህ ለባሕር ዳርና ብስክሌት ለሚዘወተርባቸው ሌሎች ከተሞች ቁም ነገር ያለው ትምህርት ነው። በእነዚህ ከተሞች ብስክሌት መውረስ ወይም ለረጅም ጊዜ ማገት ከገንዘብ ቅጣት ይከብዳል። ወንድምና እኅት በፈረቃ የሚማሩበት፣ አባት ወደ ሥራ የሚሄድበት አንድ ብስክሌት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅጣቱ በድርጊቱ ላይ እንጂ በቤተሰቡ መተዳደሪያ ላይ ማረፍ የለበትም። የትኛው ድርጊት እንደሚያስቀጣ አስቀድሞ በትምህርት ቤትና በመገናኛ ብዙኃን ሊነገር፣ የመጀመሪያ ጥፋት በማስጠንቀቂያ፣ ተደጋጋሚው በቅጣት ሊታይ ይገባል። ሰው የጎዳ ጥፋት ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት መሄዱ ግድ ነው።

የወጣቱ ጉልበትና ችሎታም ማረፊያ ይሻል። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተሰኘው መርሐ ግብር ጎዳናን ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነፃ አድርጎ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የመስጠትን ጥቅም አሳይቷል። በእንዲህ ያለ ሰዓት፣ በታጠረ ቦታ፣ የራስ ቁር አድርጎ የሚቀርብ ትርኢት ጥፋት መሆኑ ቀርቶ ስፖርት ይሆናል። ቦታ ሳይሰጡ መቅጣት ወጣቱን ከአንዱ ጎዳና ወደ ሌላው ከማሳደድ አያልፍም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ የትራፊክ ፖሊስ ሥራ የሚለካው በሰበሰበው የቅጣት ገንዘብ ሳይሆን ባስቀረው አደጋ ነው። ወላጅ ብስክሌት ሲገዛ ሕጉንም አብሮ ማስተማር፣ የከተማ አስተዳደር ለወጣቱ መጫወቻ ቦታ ማዘጋጀት፣ ፖሊስም ሕጉን ሳያዳላ ማስከበር ይጠበቅባቸዋል። ሦስቱ ሲተባበሩ ብስክሌተኛው ከነብስክሌቱ፣ አርሶ አደሩም ከነአህዮቹ በሰላም ወደየቤታቸው ይገባሉ።