ስለ መቅዘፊያና ስለ ጀልባ መሪ አጠጋገን

እንጀራ የሚያመጣ ዕቃ ሲታመም የቤቱ ሰው ሁሉ አብሮ ይታመማል። ይህንን ያሰብነው ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ፤ ዓሣ ልንገዛ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው ወደ አሞራ ገደል በወረድን ጊዜ ነው። ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲያራግፉ፤ አባ ኮዳዎችም የዓሣውን ሆድ ዕቃ ሲጠባበቁ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ የተሰነጠቀ መቅዘፊያውን በገመድ ጠምጥሞ ሲያስር አየነው። «ወንድሜ፤ ስለ ምን አታስጠግነውም?» ብንለው፤ «ጌታዬ፤ እስኪጠገን ሥራ ብፈታ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» ሲል መለሰልን። መረብ ታጸዳ የነበረችው ባለቤቱ ግን፤ «ከሰዓት በኋላ ነፋስ በተነሣ ቁጥር እኔ የማስበው ያንን ገመድ ነው» አለች። ሁለቱም እውነት ተናገሩ።

በአሞራ ገደል አብዛኞቹ የዓሣ ጀልባዎች የሚሄዱት በመቅዘፊያ ነው። በሸራ የሚሄድ ትንሽ ጀልባ ደግሞ ከኋላው አቅጣጫ የሚያስይዝ መሪ፤ ከመካከሉም ወደ ውሃ የሚወርድና ነፋስ ወደ ጎን እንዳይገፋው የሚከለክል ሳንቃ አለው። ሦስቱም ከእንጨት የተሠሩ እንደ ሆነ ሕመማቸውም መድኃኒታቸውም አንድ ነው።

ዕቃው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ቀለሙ ይላጣል፤ በተላጠውም በኩል ውሃ ይገባል። እንጨት ሲርስ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚህም ምልልስ ስንጥቁ ይሰፋል። ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ የበሰበሰ ብዙ ነውና በወስፌ እየወጉ መመርመር ይገባል። ወስፌው ሳይቸገር ከገባ ያ ሥፍራ በስብሷል።

ለመጠገን አስቀድሞ እንጨቱን በጥላ ሥር ማድረቅ ነው፤ ብርቱ ፀሐይ ስንጥቁን ያብሳልና። በየቀኑ ሲመዝኑት ክብደቱ መቀነሱን ባቆመ ጊዜ ደርቋል። ከዚያም የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ጠርቦ ማውጣት፤ ኤፖክሲ የሚባለውን ሁለት ክፍል ያለውን ማጣበቂያ በታዘዘው ልክ ቀላቅሎ ወደ ስንጥቁ ማስገባት፤ በሞርሳም መያዝ ነው። ሞርሳው እጅግ ከጠበቀ ማጣበቂያው ተጨምቆ ያልቃል። የመሪው የብሎን ቀዳዳ ሰፍቶ እንደ ሆነ በዚሁ ደፍኖ፤ ከጠነከረ በኋላ እንደ ገና መብሳት ነው። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቀለም መቀባት ያስፈልጋል፤ ኤፖክሲ ፀሐይ ሲመታው ይደክማልና። በእርጥብ እንጨት ላይ ግን ማጣበቂያም ሆነ ቀለም አይረባም፤ ሚስማርም ስንጥቁን ይጨምራል፤ ይዝጋልም። ማጣበቂያው ቆዳን ስለሚጎዳ ሠራተኛው ጓንት ያድርግ፤ ሕፃናትም አይቅረቡ።

ሥራ ስለ መፍታት የተባለውም ቀላል ነገር አይደለም፤ ማድረቁ ብቻ ብዙ ቀን ይወስዳልና። ስለዚህ ሦስት ጎረቤታሞች በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት አዋጥተው አንድ ተጠባባቂ መቅዘፊያ ቢያሠሩ፤ የአንዱ ሲጠገን በእርሱ ይሠራል። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን የጋራ ዕቃ ስንት ወዳጆችን እንዳጣላ አይተናልና፤ ማን መቼ እንደሚወስደው፤ ቢሰበርም ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ።

ይህንኑ ለባልና ለሚስቱ ነገርናቸው። እርሱ ዝም ብሎ ገመዱን አጠበቀ፤ እርስዋ ግን የጎረቤቶችዋን ስም በጣትዋ ትቈጥር ጀመር።