መጽሐፉ ያለውን ዋጋ ማን ይከፍላል?

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከዚህ ልጀምር።

ለንደን እኛ ሕንጻ ላይ የሚኖሩ አንድ እማማ አሉ። ለዓመታት አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ሲንከባከቡ ኖረው፣ ሴትዮዋ ሲሞቱ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አሮጌ ሳንቲም ተናዘውላቸው ሄዱ። እማማ ቆርቆሮውን ታቅፈው እኔ ጋ መጡ። "አንተ ኮምፒውተር ታውቅ የለ፣ እስቲ ስንት እንደሚያወጣ እይልኝ" አሉኝ። አዲስ አበባ ያሉት ታናሽ እህታቸው የዓይን ቀዶ ሕክምና ይጠብቃሉ፤ ገንዘቡ ለዚያ ነበር።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፣ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ። ሠንጠረዥ ሳይ ልቤ ይረጋል። የብሪታንያ ሳንቲሞች የዋጋ መመሪያ ገዛሁ፤ የእያንዳንዱን ሳንቲም ስም፣ ዓመትና ዋጋ ኤክሴል ውስጥ አስገብቼ ደመርኩ። 1,140 ፓውንድ መጣ። ነገርኳቸው። እሳቸውም እዚያው እፊቴ ለእህታቸው ደወሉ።

ነጋዴው የሰጣቸው 310 ፓውንድ ነው።

ነጋዴው ሌባ ነው ልል አይደለም። ሌላ ሁለት ቦታ ጠየቅን፤ አንዱ ትንሽ ጨመረ፣ አንዱ ቀነሰ። መጽሐፉም አልዋሸም። ጠቤ እንደ እኔ ካለው ሰው ጋር ነው፦ ከሠንጠረዥ ላይ ቁጥር አንስቶ "ይኼን ያህል ያወጣል" ከሚለው፣ ያንኑ ቁጥር በስልክ መተግበሪያ ላይ በትልቁ ከሚያሳየው፣ "ኪሳችሁን ፈትሹ፣ ሀብታም ልትሆኑ ትችላላችሁ" ብሎ ርእስ ከሚሰቅለው።

መጀመሪያ፣ የዋጋ መመሪያ የማንን ዋጋ ነው የሚነግረን? እንደ ስፒንክ ዓመታዊ ካታሎግ ያሉት መጻሕፍት የሚያሳዩት በግምት ሰብሳቢ ለነጋዴ የሚከፍለውን ነው። ነጋዴ ለእናንተ የሚከፍለውን አይደለም። ነጋዴው የሱቅ ኪራይ አለበት፣ ሳንቲሙ ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ሊቀመጥበት ይችላል። አዲስ ስልክ ገዝታችሁ በማግስቱ ለመሸጥ የሞከራችሁ ይኼ አይጠፋችሁም። ጨረታ ቢወጣስ? እንበል መዶሻው 100 ፓውንድ ላይ ወደቀ። ገዢው የአጫራቹን ክፍያ ጨምሮ ከ120 በላይ ይከፍላል፤ ሻጩ ደግሞ ኮሚሽን ተቀንሶበት 85 ይደርሰዋል። ለአንድ ሳንቲም በአንድ ቀን ሦስት ዋጋ። መጽሐፉ ላይ ያለው ዓምድ ግን አንድ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ነው። መመሪያዎቹ ሳንቲምን እንደ መልበሱ መጠን ይከፍሉታል፦ ፋይን፣ ቬሪ ፋይን፣ ኤክስትሪምሊ ፋይን፣ አንሰርኩሌትድ። ስሙ ያታልላል፤ "ፋይን" ማለት እኮ በጣም ያለቀ ሳንቲም ነው! በፋይንና ባልተነካው መካከል ዋጋው ብዙ ጊዜ ከአሥር እጥፍ በላይ ይራራቃል። እኔ የንጉሡ ጢም ስለታየኝ ብቻ ኤክስትሪምሊ ፋይን ብዬ ሞላሁ። በአንድ ዓምድ መሳሳት ማለት ዋጋውን በብዙ እጥፍ መሳሳት ነው።

ይባስ ብሎ እማማ ነጋዴው ጋ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ማታ ሳንቲሞቹን በሎሚና በሳሙና ፈትገው አሳደሯቸው። "ለሰው የሚቀርብ ዕቃ ታጥቦ ነው" አሉ። አበራቸው፤ እኔም "ጎበዝ" አልኳቸው። ነጋዴው በማጉያ መነጽሩ አንድ ጊዜ አይቶ አስቀመጠው። የታጠበ ሳንቲም ገጹ ይጫራል፣ ዕድሜ የሰጠው ቀለም ይሄዳል፣ ሰብሳቢም ይሸሸዋል። የመጽሐፉ ዓምዶች ስለ ሎሚ ምንም አይሉም፤ ሳንቲሙ እንዳልተነካ ገምተው ነው የተሠሩት።

ሦስተኛ፣ ረድፍ ማግኘት ዋጋ ማግኘት አይደለም። ቆርቆሮው ውስጥ ዘጠኝ የ1965 የቸርችል ክራውን ነበሩ። ትልቅ፣ ከባድ፣ ያማረ ሳንቲም። ከ19 ሚሊዮን በላይ ተመትቷል፣ ብር የለበትም፣ የሕግ ዋጋው 25 ፔንስ ነው። ሰው ሁሉ "አንድ ቀን ይጠቅማል" ብሎ ስላስቀመጠው ሁሉም ቤት አለ። መጽሐፉ ግን ረድፍ ሰጥቶታል፣ ረድፉም ባዶ መሆን ስለማይችል ቁጥር ተጽፎበታል። እኔም ያንን ቁጥር በዘጠኝ አባዛሁት።

አራተኛ፣ መጽሐፍ በዓመት አንዴ ይታተማል፤ ዓለም ግን አይቆምለትም። የ2009ኙ የኪው ጋርደንስ 50 ፔንስ 210,000 ብቻ በመመታቱ ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ከሚዘዋወሩት ሁሉ ብርቅዬው ተባለ። ከዚያ በ2024 ሮያል ሚንት የ2023ቱ የአትላንቲክ ሳልሞን 200,000 ብቻ እንደሆነ ይፋ አደረገ። በቃ፣ ማዕረጉ ሄደ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ አንዱ የፈለገውን ዋጋ ለጥፎ ይጠብቃል፤ የተለጠፈ ዋጋ ምኞት ነው፣ ማስረጃ የሚሆነው የተሸጠበት ነው።

"መግቢያው ላይ ተጽፏል፣ ያላነበበ ይወቀስ" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይጽፋሉ። ግን እኔ ስክሪን በመሥራት የምተዳደር ሰው ነኝ። ትንሽ ፊደል ማስጠንቀቂያና ደማቅ ቁጥር አንድ ገጽ ላይ ካስቀመጥክ፣ ሰው የሚያስታውሰው ቁጥሩን ነው። ይኼን እያወቅን "42.50 ፓውንድ" ብለን በዋጋ ላይ ነጥብ የምንጨምር ሰዎች ኃላፊነቱን ለአንባቢው ማሸከም አንችልም። መተግበሪያ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ አሳዩ፤ መግዣና መሸጫውን ለዩ፤ የመቼ ዋጋ እንደሆነ ጻፉ። የሁለት ቀን ኮድ ነው።

መጽሐፉን ጣሉት እያልኩ አይደለም። የያዝከው ምን እንደሆነ፣ ክብደቱ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ዓመት ከየትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ተወዳዳሪ የለውም። አያቶቻችን ጠገራ ብርን እንዴት ነበር የሚቀበሉት? ሁሉም ላይ 1780 ተብሎ ተጽፏል፤ ያኔ ለንደን የነበረው ሮያል ሚንት ራሱ ከ1936 ጀምሮ በዚያው ዓመተ ምሕረት ይመታው ነበር። ስለዚህ ጽሑፉን አልፈው ይመዝኑ ነበር፣ የንግሥቲቱን ጌጥ ሳያዩ የማይቀበሉም ነበሩ። መጀመሪያ ዕቃው፣ ቀጥሎ ዋጋው።

የእማማ ቆርቆሮም ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። የብሪታንያ ሀፍ ክራውን 14.14 ግራም ይመዝናል። ከ1920 በፊት የተመታው 92.5 በመቶ ብር ነው፤ 13 ግራም ንጹሕ ብር ማለት ነው። ከ1920 እስከ 1946 ያለው ግማሹ ብር ነው፣ 7 ግራም ገደማ። ከ1947 ወዲህ ያለው ምንም የለውም። ያለቁትን ሀፍ ክራውኖች መጽሐፉ ዝቅ አድርጎ ስለገመታቸው እኔም ንቄያቸው ነበር። ነጋዴው ግን በዓመት ለይቶ ሚዛን ላይ አደረጋቸው፤ ከ310ሩ ፓውንድ ትልቁ ድርሻ የመጣው ከእነሱ ነው። የብር ዋጋ በየቀኑ ይለዋወጣል፣ መጽሐፉ ይኼን አያውቅም። የእኔ ሠንጠረዥ ወደ ላይም ወደ ታችም ተሳስቶ ነበር።

ስለዚህ ቆርቆሮ ይዞ የሚመጣባችሁ ሰው ካለ፦ አትጠቡት። በ1920 እና በ1947 ለይታችሁ መዝኑ። በቅርቡ የተሸጠበትን ፈልጉ። ቢያንስ ሦስት ነጋዴ ጠይቁ። እስከዚያ ድረስ ቁጥር አትናገሩ፣ በተለይ ገንዘቡን ለሕክምና ለሚጠብቅ ሰው።

እማማ አልተቆጡኝም። አውቶቡስ ውስጥ "እህቴን ምን ልበላት?" ብቻ ነው ያሉት። ጎደሎውን የሕንጻው ልጆች ተሰባስበን ሞላነው፤ ቀዶ ሕክምናውም ተደረገ። ኤክሴሉ አሁንም ኮምፒውተሬ ላይ አለ። አንድ ነገር ብቻ ቀይሬበታለሁ፦ "ዋጋ" ይል የነበረውን የዓምድ ርእስ ሰርዤ "ሱቅ የሚሸጥበት፣ ሳይታጠብ" ብዬ ጻፍኩበት።