በይፋት ቆላ ድንኳን ስለ መትከል

ከሸዋ ሮቢት በታች ወዳለው የይፋት ቆላ ወርዶ በግራር ጥላ ሥር የሚያድር መንገደኛ፥ የአንድ ሌሊት እንግዳ መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል። በዚያ አገር ግራሩ ለጥላ ብቻ ሳይሆን ለፍየልና ለግመል መኖ ነው፤ በበጋም ውሃው ጥቂት ስለ ሆነ፥ በአፋፉ ላይ የሚሰፍር ሰው ከብቱን ያስጠማል፥ አውሬውንም ያሸሻል። ለአንድ ሌሊት እሳት የተቈረጠውን ዛፍ ለመተካት ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። እንጦጦ የነገሥታት ሰፈር በሆነ ጊዜ ደኑ በማገዶ እንዴት እንዳለቀ የታወቀ ነው።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ከይፋት በላይ ያለው የመንዝ ሕዝብ፥ ቄሮ በተባለው ሥርዓት የጓሳን ሣር ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር። ይህም በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ምክንያት ቢፈርስ፥ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አቋቁሞታል፤ ዛሬ በጓሳ ድንኳን የሚተክል እንግዳ ለአገሬው ሰዎች ደንብ ይገዛል።

ስለዚህ የቆላው ሹማምንት ከአማራው፥ ከአርጎባውና ከአፋሩ ሽማግሌዎች ጋራ መክረው፥ ከውሃ የራቀ የማደሪያ ቦታ ቢለዩ መልካም ነው። እሳቱ በወደቀ እንጨት ብቻ ይንደድ፤ አመዱም ሳይጠፋ ማንም አይነሣ። ለሥራ የሚወጣው የመንግሥት ሠራተኛም (እርሱ ብዙ ጊዜ ከሁሉ በፊት ደንቡን ይዘነጋል) ከዚህ ነጻ ሊሆን አይገባውም።