የእናቲቱ ደመወዝ ከየትኛው ሒሳብ ውስጥ ነው?

ስለ ምግብ ቤት የሚጽፉ ሰዎች አብዝተው የሚወዱት አንድ ቃል አላቸው፤ «የቤተሰብ ቤት»። ይህች ቃል ከተነሣች ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ምግቡ ጣፋጭ ነው፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ባለቤቶቹ ደጎች ናቸው፣ ልጅቷ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ አለቀ። እኔ ብዕር ያነሣሁት ከዚችው ቃል ጋር ለመጣላት ነው። ለጠቡም የምጠቅሰው አንድ የታወቀ ዓይነት ቤት አለ፤ በኒውዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ በሚባለው ክፍል፣ ፍላሺንግ ሠፈር ውስጥ፣ ከሰሜን ቻይና የመጡ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው የሚያስተዳድሩት፣ ከስምንትና ከዐሥር ጠረጴዛ የማይበልጥ የሠፈር ምግብ ቤት። የ7 ቁጥሩ ባቡር መጨረሻ ጣቢያ ላይ ወርዶ በሜይን ስትሪት ግራና ቀኝ ለሚመለከት ሰው እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። ስለዚህ የማወራው ስለ አንዱ ሳይሆን ስለ ዓይነቱ ነው።

«ቻይና» ሲባል ሩዝ ብቻ ለሚታየው አንባቢ ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ከቺንሊንግ ተራሮችና ከሁዋይ ወንዝ በስተሰሜን ያለው የቻይና ምድር የስንዴ ምድር ነው። ሕዝቡ የሚያድረው በሊጥ ነው፤ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ፣ በእጅ ተጎትቶ የሚረዝም ኑድል፣ በመጥበሻ የሚጋገር ቂጣ። በሰሜን ምሥራቅ ክረምቱ እጅግ የበረታ ስለሆነ ጥቅል ጎመን በጨው በጋን ተከትቶ እስኪኮመጥጥ ይቀመጣል፤ ከአሳማ ሥጋ ጋር ይቀቀላል። በሰሜን ምዕራብ ደግሞ የበግ ሥጋ በከሙን ይጠበሳል። ከጠረጴዛው ላይ ጥቁር አቼቶ አይጠፋም፤ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት እየገመጡ መብላትም ነውር አይደለም። እንጀራን በእርሾ አኮምጥጦ የሚበላ፣ ቃሪያ በጥሬው የሚገምጥ ሕዝብ ይህን ገበታ እንግዳ ሊለው አይገባም።

የገበታው አለቃ ጂያኦዚ ነው። በቀጭን ሊጥ የተጠቀለለ የተከተፈ ሥጋና ጎመን ብለን እንለፈው ብንል ሥራውን እንበድላለን። ዱቄትና ውሃ ብቻ ይቦካል፤ ሊጡ ያርፋል። ከዚያ እንደ በትር ይድቦለቦልና በትንንሹ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ በትንሽ መዳመጫ፣ መሐሉ ወፈር፣ ዳሩ ሳሳ ብሎ ይዳመጣል፤ ዳሩ ካልሳሳ እጥፋቱ ሳይበስል ይቀራል፣ መሐሉ ካልወፈረ ድስቱ ውስጥ ይቀደዳል። ጎመኑ በጨው ታሽቶ ውሃው ካልተጨመቀ ሊጡን ያረጥበዋል። ከዚያ አንድ በአንድ ይሞላል፣ አንድ በአንድ ይታጠፋል። ሲቀቀልም እንደ ልማዱ ውሃው በፈላ ቁጥር ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ይደረግበታል፤ ይህ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። የተቀቀለበት ውሃ አይደፋም፤ በጽዋ ይጠጣል። በቻይናውያን ዘመን መለወጫ ዋዜማ ሰሜኖቹ ቤተሰቡ ሁሉ ጠረጴዛ ከቦ ሲያጥፍ ያመሻል። መንገደኛ ሲሸኝ ጂያኦዚ፣ ሲመለስ ኑድል ማብላት የእነሱ ወግ ነው፤ እኛ በሶና ዳቦ ቆሎ እንደምንሰንቀው መሆኑ ነው።

እንግዲህ በበዓል ዋዜማ አንድ ቤተሰብ እየተሳሳቀ የሚሠራውን ሥራ፣ በዓመት 360 ቀን፣ ከጧት እስከ እኩለ ሌሊት፣ አንዲት እናት ቆማ ስትሠራው አስቡት። ያን ሳህን ነው «አይ ርካሽነቱ!» እያልን የምናደንቀው።

ለመሆኑ ማን ነው ርካሽ መሆን አለበት ያለው? ወይዘሮ ጆይስ ቼን የሚባሉ የቤጂንግ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1958 በቦስተን አጠገብ በካምብሪጅ ከተማ ምግብ ቤት ከፈቱ። ጂያኦዚን ለፈረንጁ እንዴት ያስተዋውቁት? «የፔኪንግ ራቪዮሊ» ብለው ጠሩት። በዚያ አካባቢ ጣልያን ብዙ ነው፤ ራቪዮሊ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ስሙ እስከ ዛሬ በቦስተን አካባቢ ባሉ ቻይና ምግብ ቤቶች የምግብ ዝርዝር ላይ ይታያል። ብልኅ ሴት ነበሩ። ስሙን ተውሰዋል፤ ዋጋውን ግን ማንም አላዋሳቸውም። ያው ዱቄት፣ ያው ሥጋ፣ ያው እጥፋት በጣልያን ስም ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ሰው ዋጋውን ሳያንገራግር ይከፍላል። በቻይና ስም በፕላስቲክ ሳህን ሲቀርብ ግን አንድ ዶላር ቢጨመርበት «ጠገቡ» ይባላል።

በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ጥናት መምህር የሆኑት ክሪሽኔንዱ ሬይ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ጉዳይ መርምረውታል። የደረሱበትም ለምግብ የምንከፍለው ዋጋ ከድስቱ ብቻ የሚመነጭ አይደለም የሚል ነው፤ የአብሳዩ ወገን በዓለም ገበያና በከተማው ውስጥ ያለው ደረጃም ዋጋውን ይወስናል። የጣልያን ምግብ ራሱ ስደተኛው ጣልያን ድሃ በነበረበት ዘመን የተናቀ ነበር፤ ሰውየው ሲከበር ድስቱም አብሮ ተከበረ። የጃፓንም እንዲሁ። እንግዲህ «ይህ ምግብ በተፈጥሮው ርካሽ ነው» የሚል ሰው ስለ ምግቡ የተናገረ ይመስለዋል እንጂ ስለ ሰዎቹ ነው የተናገረው።

ይህን ሰንሰለት ልበጥስ ያለች አንዲት ሴት ነበረች። ወይዘሮ ሲሲሊያ ቺያንግ በሳንፍራንሲስኮ ማንዳሪን የተባለውን ቤት ከፍተው የሰሜን ቻይናን ገበታ በክብር፣ በክብሩም ልክ በሆነ ዋጋ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ጊራርዴሊ አደባባይ ተዛውረው ቤታቸውን አሰፉ። ሆኖም በዚያው በ1968፣ በሚያዝያ ወር፣ ዶክተር ሮበርት ሆ ማን ክዎክ የተባሉ ትውልደ ቻይናዊ ሐኪም ለኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አንድ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ቻይና ምግብ ቤት፣ በተለይም የሰሜን ቻይና ምግብ የሚያቀርብ ቤት ሲበሉ ማጅራታቸው እንደሚደነዝዝና ልባቸው እንደሚመታ ገልጸው ምክንያቱ አኩሪ አተር ሶሱ ይሁን፣ ወይኑ ይሁን፣ ጨው ይሁን፣ ወይስ ሞኖሶዲየም ግሉታሜት የሚባለው ማጣፈጫ ብለው ጠየቁ። ጥያቄ ነበር። መጽሔቱ «የቻይና ምግብ ቤት ሕመም» የሚል አርእስት ሰጠው፤ አርእስቱ ደግሞ ጥያቄውን በላው።

ያ ማጣፈጫ በቶኪዮ ፕሮፌሰር ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር ቅጠል ለይተው ያወጡት ነው። የግሉታሜቱ ዘር በቲማቲምም በፓርሜዛን አይብም ውስጥ አለ። ቲማቲምና አይብ በልቶ «የጣልያን ምግብ ቤት ሕመም ያዘኝ» ያለ ሰው ግን አልሰማንም። ሰዎች የበሉትን ሳያውቁ በተደረጉ ሙከራዎች ምልክቱ በቋሚነት ሊገኝ አልቻለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ማጣፈጫውን በጥቅሉ አደጋ የለሽ ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል። ያም ሆኖ በመስኮታቸው ላይ «ማጣፈጫ አንጨምርም» የሚል ማስታወቂያ የሚለጥፉት ቻይናዎቹ ናቸው። የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት ለዚያ ስም የሰጠውን ፍች ለማረም የበቃው በ2020 ነው፤ ከ52 ዓመት በኋላ! በአንድ በኩል ርካሽ ሁኑ፣ በሌላ በኩል ርካሽ ስለሆናችሁ እንጠረጥራችኋለን። እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት ማን ይረታዋል?

አሁን ወደ «የቤተሰብ ቤት» ልመለስ። ስደተኛው ቻይናዊ ለምን ምግብ ቤት ከፈተ? «ምግብ ስለሚወዱ» የሚለው መልስ ለልጆች ተረት ይሁን። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1882 ባወጣችው ሕግ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በሯን ዘጋች፤ ነጋዴ ግን ይፈቀድለት ነበር። በ1915 የፍርድ ቤት ውሳኔ የምግብ ቤት ባለቤትም ከነጋዴ እንዲቆጠር መንገድ ከፈተ። ከዚያ ወዲያ ዘመድ አዝማድ ገንዘብ አዋጥቶ ምግብ ቤት መክፈት ባሕር ተሻግሮ የመመለሻና ወገንን የማምጫ ፈቃድ ሆነ። ያ ሕግ የተሻረው በ1943 ነው። የእኛዎቹ የፍላሺንግ ሰሜኖች ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ግፊቱ ግን ያው ነው። ሰሜን ምሥራቅ ቻይና የመንግሥት ብረታ ብረትና ከባድ ፋብሪካ የተተከለበት ምድር ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉና ሲሸጡ በመላ አገሪቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ፤ ዱላው በሰሜን ምሥራቁ ላይ ጠነከረ። ሃያ ዓመት ማሽን ላይ የቆመ ሰው በዐርባ ዓመቱ ባሕር ተሻግሮ መዳመጫ ጨበጠ። ይህን «የቤተሰብ ወግ» ብሎ የሚያሞግስ ጸሐፊ ሰውየውን ቁጭ ብሎ አላነጋገረውም።

ደግሞ ሕጉን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣውና በየጊዜው የተሻሻለው የአሜሪካ የሠራተኛ ሕግ አነስተኛውን ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያን ደንግጓል። መደበኛ ሠራተኞቹ ባለቤቱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ ብቻ የሆኑበት ቤት ግን ሕጉ ከሚሸፍናቸው ድርጅቶች አይቆጠርም። ወላጅ በገዛ ንግዱ ልጁን ቢያሠራም፣ አደገኛ ሥራ እስካልሆነ ድረስ፣ የሕፃናት ሥራ ክልከላው በአብዛኛው አይነካውም። የእናቲቱ ሰዓት አይመዘገብም ማለት ነው። የአያትየዋ ሰዓት አይመዘገብም። ልጅቷ የቤት ሥራዋን አቋርጣ ስልክ አንሥታ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ስትቀበል፣ የጤና ተቆጣጣሪው ሲመጣ ለአባቷ ስታስተረጉም፣ ያም አይመዘገብም። «ቤተሰብ» የሚለው ቃል በዚያ ሳህን ዋጋ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ያልተከፈለውን ሰዓት ፍቅር ብሎ ይጠራዋል።

እርግጥ ፍቅርም አለ። ማን ካደ? ፍቅር ስላለ ደመወዝ አይከፈል የሚለው ነው የሚያናድደኝ።

በ2019 ኒውዮርክ ታይምስ አንድ ዘገባ አወጣ። በአሜሪካ 20 ትልልቅ ከተሞችና አካባቢያቸው ከምግብ ቤቶች ሁሉ የቻይናው ድርሻ በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶ 7.3 ወደ 6.5 ወርዷል ይላል። ምክንያቱ ደንበኛ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ወላጆቹ አርጅተዋል፣ ልጆቹ ተምረው ሌላ ሥራ ይዘዋል። ይህን የሰሙ የምግብ ወዳጆች ሐዘን ተቀመጡ። ምን የሚሉት ሐዘን ነው? ወላጆቹ እጃቸው እስኪቃጠል የቆሙት ልጆቻቸው በዚያ ምድጃ ፊት እንዳይቆሙ አይደለምን? ልጅቷ መሐንዲስ ስትሆን እነሱ ደግሰው ሲደሰቱ፣ ባቡር ተሳፍሮ የመጣው ደንበኛ ርካሽ ራቱ ስለቀረበት ያለቅሳል። ቤቱ እንዲቀጥል የሚፈልግ ሰው እንግዳ አብሳይ ተቀጥሮ፣ ደመወዝና የዕረፍት ቀን ተሰጥቶት ሊቀጥል በሚችልበት ዋጋ ይብላ። በዚያ ዋጋ ካልበላ ልቅሶው የለቅሶ ሳይሆን የጩሉሌ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። በዚያ ቤት የሚበላው ባቡር ተሳፍሮ የመጣው ብቻ አይደለም። አረጋውያንን ስትጠብቅ የዋለች ሴት፣ በብስክሌት ምግብ ሲያደርስ የዋለ ወጣት፣ ግንበኛው፣ ሁሉም የአገሩ ሰው ነው፤ አንድ ሳህን ጂያኦዚ በትኩስ ሾርባ ካላገኘ አዳሩ ባዶ ሆድ ነው። ዋጋው ሲጨምር መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። እውነት ነው፤ ዋጋው የተቆረጠውም ለእሱ ነው። በድካምተኞች መካከል የተደረገ ስምምነት ነው፤ እሱም እንደ እነሱ ሰዓቱ ሳይቆጠርለት ይሠራል። እኔ የምጣላው ለዚያ ሰው የተቆረጠውን ዋጋ መጥቶ ከሚበላውና ተመልሶ «ግኝት» ብሎ ከሚጽፈው ጋር ነው። ለዚህኛው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ጉርሻውን ያብዛ። ግን ርካሽ ቤት የበላ ሰው ጉርሻውንም በርካሹ ሒሳብ ነው የሚያሰላው።

ይህ የሰው አገር ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን ሊገልጥ የቸኮለ አንባቢ ቢኖር አንድ አፍታ ይታገሠኝ። ማማ ደስታ የተባለው የእኛ ምግብ ቤት በዋሽንግተን ከተከፈተ ከ1978 ወዲህ በዚያች ከተማ ስለ ኢትዮጵያ ገበታ የሚባለውን አድምጡ። በእጅ ይበላል፣ አብሮ ይበላል፣ ይጎራረሳሉ፣ እንደ ቤተሰብ ነው፣ ደግሞ ርካሽ ነው! ሊጡን ለቀናት ያቦካችው፣ ሽንኩርቱን ያቁላላችው፣ ሌሊት ምጣድ ላይ ያደረችው ሴት በዚህ ሙገሳ ውስጥ የለችም። የባሰው የራሳችን ሰው ነው። እዚያው ዋሽንግተን ተቀምጦ፣ በዶላር ደመወዝ እየተከፈለው፣ የጣልያን ፓስታ ያለምንም ማጉረምረም ከፍሎ ይበላና ሽሮ ሲቀርብለት ወደ ብር መንዝሮ ይጮኻል፤ «በዚህ ዋጋ አገር ቤት በግ ይገዛል!» ይላል። አዲስ አበባም ቢሆን «እትዬ እገሊት ቤት» እያልን የምናሞግሳቸው ቤቶች ከጓዳቸው ስንት ያልተከፈላት ዘመድ፣ ስንት ከገጠር የመጣች የእህት ልጅ እንዳለች የጠየቀ ስንቱ ነው?

በፍላሺንጉ ዓይነት ቤት የሥጋና የቤት ኪራይ ዋጋ ሲንር ባለቤቱ አዲስ የምግብ ዝርዝር አያሳትምም። በድሮው ቁጥር ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ይለጥፍና አዲሱን በእጁ ይጽፋል። ከአንዱ ምግብ በስተቀር ሁሉም ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ ጂያኦዚው ላይ ለመለጠፍ ብዙ ጊዜ ያመነታል፤ ደንበኛው ዋጋውን በቃሉ ያውቀዋልና። በመጨረሻ ሲለጥፍም በጥፍሩ የወረቀቷን ጫፍ አንሥቶ ከሥር ያለውን የድሮ ቁጥር የሚያይ፣ አይቶም ልዩነቱን ከጉርሻው ላይ የሚቀንስ አለ።