መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ
«ቻዪው» ስለሚለው የጎረቤት ምክር

በከተማው መድረኮች ላይ ደጋግሞ የታየ፣ ተመልካቹም ሳይሰለች የሚያጨበጭብለት አንድ የመዝጊያ ትዕይንት አለ። ሚስት ጓዟን ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማለች። ባል አንገቱን ደፍቶ ዱካ ላይ ተቀምጧል። በዚህ መካከል ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ ሦስት ሽማግሌዎች ከጎረቤት ደርሰው ይገባሉ። አንደኛው ይተርታል፤ ሁለተኛው ይቆጣል፤ ሦስተኛው ይመርቃል። ባል ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሚስት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ የተጠቀለለው ጓዝ ይፈታል፤ ቡና ይቀዳል፤ መጋረጃ።

ይህ ትዕይንት ከሕይወት ያልተቀዳ ነው ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ሽማግሌዎቹ በእርግጥ ይመጣሉ፤ በእርግጥም ያስታርቃሉ። ስሕተቱ ያለው መጋረጃው በሚዘጋበት ሰዓት ላይ ነው። ደራሲው ሥራውን የሚጨርሰው የሴቲቱ ሌሊት በሚጀምርበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቀው ግድግዳውና ከግድግዳው ማዶ የተኛው ጎረቤት ብቻ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ምን እንደሰማ በማግስቱ የሚጠይቀው የኪነ ጥበብ ሰው እስከ ዛሬ እምብዛም አላገኘም።

ነገሩን ከሥፍራው ለማየት ወደ አዲስ ከተማ መሻገር ይጠቅማል። ፋሺስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ፣ የከተማውን ነዋሪ በዘር ለይቶ ለማስፈር ባወጣው ዕቅድ የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ለአገሬው ሰው የተለየ ገበያ እንዲቆም አደረገ። መርካቶ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ሰውን ከሰው ለመለየት የተቆረጠው ቦታ ግን የወራሪውን አሳብ ገልብጦ ጉራጌውን፣ ስልጤውን፣ አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ ትግሬውን፣ ዶርዜውን በአንድ አጥር ውስጥ አኖረ። የታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተጎራብተው የቆሙበት ሠፈር ነው። ገዢው ዓይኑ ከሸማ ተራና ከምናለሽ ተራ ሸቀጥ አልፎ ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ፣ ከሱቆቹ ጀርባ ያለውን ኑሮ አያየውም። አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አንድ ማድቤት ለአምስትና ለስድስት አባወራ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ አንዳንዱ ክፍል ከሌላው የሚለየው በስስ ጣውላ፣ ጣሪያውም የሚሸፈነው በጨርቅ ኮርኒስ ነው። እዚህ ሹክሹክታ እንኳ የጋራ ነው። ስለዚህ «የባልና የሚስት ጉዳይ ነው፤ ገበናቸው ነው» የሚለው አነጋገር ሌላ ቦታ ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፤ በመርካቶ ግቢ ውስጥ ግን ትርጉም የለውም። የሁሉም ጆሮ ሰምቷል። የቀረው ጥያቄ የሰማ ሰው ምን ይላል የሚለው ነው።

ከመውቀስ በፊት ይህ ጎረቤት ማን እንደሆነ በቅንነት መመስከር ይገባል። እናቱ በርበሬ ተራ የዋለችበትን ሕፃን የሚያበላው እሱ ነው። ዕቁብ ሲደርሰው ዕጣውን ለተቸገረ ባልንጀራው የሚለቅለት፣ ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ተሸክሞ የሚሮጠው፣ የሌላውን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ የሚቆጣው እሱ ነው። በረመዳን ለክርስቲያኑ ሾርባ የሚልክ፣ በፋሲካ ደግሞ ለእስላሙ ጎረቤት ብሎ ለብቻው የሚያስባርክ ነው። ይህን ሁሉ «ኋላ ቀርነት» ብሎ በአንድ ቃል የሚሽር ምሁር ከሠፈሩ ውኃ ያልቀዳ መሆን አለበት። ትችቱ የሚገባው ይህንኑ ጎረቤት ለማክበር ነው። አቅም ከሌለው ሰው ማንም ምንም አይጠብቅም።

እንግዲህ ሴቲቱ በማግስቱ ዓይኗ አብጦ ወደ ቧንቧው ትወጣለች። ማንም ምን ሆንሽ ብሎ አይጠይቃትም፤ ታውቋልና። ከቀትር በኋላ የግቢው ባልቴት ቡና ያፈላሉ። በአቦሉ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል። በቶናው ዝም ይባላል። በበረካው ላይ ምክሩ ይመጣል፤ «ልጄ፣ ቻዪው። ወንድ ልጅ ነው፤ ያልፍለታል። ልጆች አሉሽ። ወዴት ትሄጃለሽ? እኛስ ስንቱን ችለናል።»

ይህ ምክር በክፋት የተሰጠ አይደለም። ባልቴቷ ያን ጊዜ የሚያወጡት ከገዛ ገላቸው የተማሩትን ነው። ሌላ ምክር የሰጣቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም የሚያወርሱት የወረሱትን ነው። ከዚህም በላይ በንግግራቸው ውስጥ አንድ የተጨበጠ የሂሳብ ጥያቄ አለ፤ «ወዴት ትሄጃለሽ?» ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የመርካቶን ተከራይ ከባለቤቱ ጫና አላቆ የኪራዩን ዋጋ ቀንሶለታል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የቀበሌው ቤት የኪራይ ውል በአብዛኛው የተጻፈው በአባወራው ስም ነበር። ሴቲቱ ስትወጣ ጣሪያውንም ትታ ነው የምትወጣው። ቸርቻሪ ከሆነች ደግሞ መደቧን፣ ደንበኞቿን፣ የዕቁብ ጓደኞቿንም ትታ ነው። ስለዚህ «ቻዪው» የሚለውን ቃል የወለደው ባህል ብቻ ነው ማለት አይበቃም፤ የኪራይ ደብተሩም ወልዶታል። ይህን ሳያዩ ባልቴቷን የሚገሥጹ ሰባኪዎች ሴቲቱን ከቤቷ አውጥተው ለጎዳና ከማስረከብ በቀር የሚሰጧት ነገር የላቸውም።

«ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ተረቱ። ተረቱ የተነገረው ለማይሰማ ሰው ነው። በግቢው ውስጥ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ የማይሰማው ባል ነው፣ ምክሩም መከራውም የሚወርደው በሚስቱ ላይ ነው። ባሉን «ተው» የሚለው ሰው አንድ ጊዜ ብሎ ይሄዳል፤ እሷን «ቻዪው» የሚላት ግን በየቀኑ፣ በየቡናው ይመላለሳል።

ሕጉ ለብዙ ዘመን ከዚህ የተሻለ አልተናገረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። ፍቺም የሚጠየቀውና የሚወሰነው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ዘንድ ነበር። ለፍቺ ከባድ ምክንያት ተብለው የተዘረዘሩት ዝሙት፣ የትዳርን ቤት ጥሎ መጥፋት፣ በእብደት ምክንያት ተዘግቶ መቀመጥና የመሳሰሉት ናቸው። ድብደባ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ያለ ከባድ ምክንያት ፍቺ የጠየቀ ወገን በንብረት ክፍፍሉ ላይ ሊቀጣም ይችል ነበር። ማለትም የተደበደበችው ሴት ለመውጣት ብትጠይቅ ድስቷንና ምንጣፏን ጭምር ልታጣ ትችል ነበር። የባልቴቷ «ቻዪው» እና የሕጉ አንቀጽ አንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበር ማለት ነው፤ ልዩነቱ ባልቴቷ ቡና ማፍላታቸው ነው።

ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ለወጠ። ባልና ሚስት በቤተሰቡ አመራር እኩል መሆናቸውን ደነገገ፤ ለሴት ልጅ 15 ዓመት የነበረውን የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣንም ለፍርድ ቤት ሰጠ። ለዚህ ከታገሉት መካከል በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ደግሞ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት ወንጀል መሆኑን በአንቀጽ 564 ለይቶ አስቀመጠ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሁለት ዓይነት ተከራካሪዎች ተነሥተዋል። የመጀመሪያዎቹ «ሕጉ ሽማግሌውን ከቤት አስወጣው፤ ትዳር በወረቀት ይፈርስ ጀመር» እያሉ የሚያለቅሱ ናቸው። ሕጉን ያነበበ ሰው ይህ እውነት አለመሆኑን ያውቃል። ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን ራሳቸው ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎች ሊልካቸው፣ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። ሽማግሌው ያጣው የመፍረድን ሥልጣን ነው፤ የመምከር ሥራውን አይደለም። ምክሩ ያለ ፍርድ ሥልጣን ዋጋ የሚያጣበት ከሆነ፣ ቀድሞውንም የሚሠራው ምክሩ ሳይሆን ሥልጣኑ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛዎቹ «ዘመናዊ ሰው በጎረቤቱ ትዳር አይገባም» የሚሉ ናቸው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በከተማው ዳርቻ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ሲሠሩ፣ ከመሐል ከተማ ተነሥተው በየፎቁ የሰፈሩ ብዙ ቤተሰቦች ይህን ዘይቤ በደስታ ተቀበሉት። ደስታቸው አያስደንቅም። በአንድ ቧንቧ ሲተዛዘብ የኖረ ሰው የራሱን በር መዝጋት ቢያምረው ማን ይፈርድበታል? ቢሆንም በዚያ የብሎኬት ግድግዳ ውስጥ የሴቲቱ ጩኸት ከበፊቱ ያነሰ አይደለም፤ ያነሰው ሰሚው ነው። በመርካቶው ግቢ «ኡኡ» ብትል በሩን ገንጥሎ የሚገባ ነበር። ልጆቿን ወስዶ ከልጆቹ ጋር የሚያስተኛም ነበር። «ምን አገባኝ» የሚለው ጨዋነት «ቻዪው» የሚለውን ምክር አላሻሻለውም፤ ምክሩን ለመናገር እንኳ የሚመጣውን ሰው አስቀረ እንጂ።

የሚፈለገው እንግዲህ ጎረቤቱን ከነምክሩ ማባረር ሳይሆን ምክሩ የሚነገረው ለማን እንደሆነ መለወጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ትምህርት ላያስፈልግ ይችላል። የጥንቱ ሽምግልና በዳይን ዋስ ያስጠራ ነበር። ድንጋይ አሸክሞ ይቅርታ ያስጠይቅ፣ ካሳ ያስከፍል ነበር። ሁለት ሰዎች በድንበር ወይም በከብት ሲጣሉ ዋስ ሳይጠራ የተፈጸመ እርቅ እንደ እርቅ አይቆጠርም ነበር። ሽማግሌው ወደ ባልና ሚስት ጠብ ሲገባ ግን ይህን ሁሉ በር ላይ ትቶ ይገባል። ለአንድ ጥማድ በሬ የተጠየቀው ዋስ ለአንዲት ሴት አይጠየቅም። ባሉ ዳግመኛ እጁን ቢያነሣ ስለ እሱ የሚጠየቀው ማነው? የዕቁቡ ሰብሳቢ? የሱቁ ሸሪክ? የነፍስ አባቱ? በመርካቶ ሰው የሚኖረው በአመኔታ ነው፤ ያለ ፊርማ ብዙ ሺህ ብር የሚወራረድበት ገበያ ነው። እንዲህ ባለው ሥፍራ ዋሱን ያሳፈረ ሰው የሚያጣውን ነገር ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

ዕድሩም አለ። ዕድር ሰው በሞተበት ቀን ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ያልተገኘውን አባል ስሙን ጠርቶ ይቀጣል። ከዚህ የበለጠ የተደራጀ የሠፈር ማኅበር ማግኘት ያስቸግራል። መተዳደሪያ ደንቡ የሙታን ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ኤድስ በየቤቱ በገባበት ዘመን ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመውን መጠየቅና ወላጅ ያጣውን ልጅ መርዳት መጀመራቸውን ያስታውስ። ያን ጊዜም «ዕድር ለቀብር ነው» ያሉ ነበሩ። ለታመመው ደንብ የተሻሻለ ከሆነ፣ ለምትደበደበው የማይሻሻልበት ምክንያት ሊነገር ይገባዋል። በአዳራሽ ሊነገር የሚያሳፍር ምክንያት ከሆነም ከወዲሁ ታውቋል።

ወደ መድረኩ ሲመለሱ ዕዳው የከበደው የኪነ ጥበብ ሰው ነው። የሀገራችን ተውኔት ትዳርን ሳይፈራ የነካበት ጊዜ አለ። መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ» እና በ«ጠልፎ በኪሴ» ተመልካቹን እያሳቀ የጋብቻን ልማድ መርምሯል። በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልምም የገጠሩን ሽምግልና ከሕጉ ጋር ፊት ለፊት አገናኝቷል። የከተማው ግቢ ግን በአብዛኛው የቀልድ ማሟያ ሆኖ ቀርቷል። ጎረቤቲቱ መድረክ ላይ የምትወጣው ወሬ ለማቀበል፣ በር ላይ ጆሮዋን ለመለጠፍ፣ ተመልካቹን ለማሳቅ ነው። በሩ ላይ ጆሮዋን የለጠፈችው ግን ስንት ጊዜ ነፍስ ለማዳን እንደሆነ ማንም አይጽፍም። በመርካቶ ክልል የሠፈሩን ሕዝብ ለብዙ ዓመታት በሰበሰበው በራስ ቴአትር አዳራሽ ከተቀመጡት ሴቶች መካከል፣ ይህን ቀልድ ስታይ ያልሳቀች አንዲት እንደነበረች መገመት አያዳግትም።

ጸሐፌ ተውኔቱ ከልቡ ከሆነ ድርሰቱን የድሮው መጋረጃ ከሚዘጋበት ቦታ ይጀምር። ቡናው ተጠጥቷል፤ ሽማግሌዎቹ ሄደዋል፤ ፋኖሱ ጠፍቷል። በጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ሌላ። ከግድግዳው ማዶ ባልቴቷ ከመደባቸው ይነሣሉ፤ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፤ ደጁን ተሻግረው የዕድሩን ዳኛ በር ይቆረቁራሉ። ዳኛው መዝገቡን በብብታቸው ይዘው፣ ባሉ ዋስ የጠራውን ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሰው አብረው ይመጣሉ። በሩ ይንኳኳል።

«ማነው?» ይላል ከውስጥ የወንድ ድምፅ።

«ዕድር ነን። ክፈት።»

«ማን ሞተ?»

«ገና ማንም።»